በነፍሱ ተወራርዶ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ሻይ ልንጠጣ ተቀመጥን። ነጠላቸውን ገና አላጠፉም። አንዱ ከኪሱ የቤቲንግ ትኬት አወጣ። ሌላው ስልኩን ከፈተና «አምስቱን ጨዋታ አግኝቼ በስድስተኛው ተበላሁ!» አለ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ፣ ልጆቼ ናቸው። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አልለቀኝ አለ። መወራረድ የሚለው ቃል መጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥም አለ። ያውም ለምስጋና ነው የገባው።

ፊልጵስዩስ 2፥30ን አውጡ። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ አንድ ወንድም ሲጽፍ «በነፍሱ ተወራርዶ ስለ ጌታ ሥራ እስከ ሞት ቀርቦአልና» ይላል። ሰውየው አፍሮዲጡ ነው። በግሪኩ ያለው ቃል ራስን እያወቁ ለአደጋ መስጠት ማለት ነው። ተርጓሚዎቻችን «ተወራርዶ» ማለታቸው ግን እጅግ ደስ ይለኛል። የሚወራረድ ሰው ሊበላ እንደሚችል ያውቃል። ማንም አላስገደደውም። እያወቀ ያስይዛል። አፍሮዲጡ ያስያዘው ነፍሱን ነው።

ለምን? ስንቅ ለማድረስ!

አዎ፣ ሥራው ይኸው ነበር። ጳውሎስ ሮም ታስሯል። በዚያ ዘመን እስረኛ የሚኖረው ወዳጅ ባመጣለት ነው። ይህን ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አይከብድም። በእስር ቤት ደጅ ሳህን በፌስታል ቋጥረው የሚሰለፉትን እናቶች ያላየ የለም። የፊልጵስዩስ ምእመናን ያላቸውን አዋጥተው ለአፍሮዲጡ ሰጡት። መንገዱ በእግርና በመርከብ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያውም በቄሳር ፊት ለተከሰሰ ሰው «ወዳጁ ነኝ» ብሎ መቅረብ አለ። ሄደ። ታመመ። ሞት አፋፍ ደረሰ። አንድ ስብከቱ አልተጻፈልንም፤ አንድ ተአምሩም በመልእክቱ አልተነገረንም።

ቁጥር 26 ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። አፍሮዲጡ «ይተክዛል» ይላል። ስለ በሽታው መሰላችሁ? «እንደ ታመመም ስለ ሰማችሁ» ነው የሚለው። አገር ቤት ያሉት ተጨነቁ ብሎ ተጨነቀ! እኛ ጉንፋን ሲይዘን ማን እንደደወለ፣ ማን እንዳልደወለ እንቆጥራለን። እሱ ሞትን አይቶ ሲመለስ የሰው ሐሳብ ነው ያስጨነቀው።

ሌላም አለ። በኤፌሶን የጳውሎስ ልብሱ እንኳ በሽተኛ ይፈውስ ነበር። እዚህ ወዳጁ አጠገቡ ሲያጣጥር ግን «ፈወስሁት» አላለም። «እግዚአብሔር ማረው» ብቻ አለ። ከዳነ በኋላም «እዚሁ ሁንና ከእኔ ጋር ሙት» አላለውም፤ ወደ ቤቱ ላከው። «እርሱን የሚመስሉትንም አክብሩአቸው» የሚል አደራም ጨመረ። ለምን አደራ አስፈለገ? እንደሚመስለኝ ፊልጵስዩስ ውስጥም «አገልግል ተብሎ ተልኮ፣ ታሞ ተመለሰ» የሚል አፍ አይጠፋም ነበር።

እናቷን ስታስታምም ትዳሯም ትምህርቷም ያለፋት እህቴ፣ ይህ ላንቺ ነው። ለሰው ብሎ ወጥቶ፣ ጤናውን አጥቶ፣ ምንም ሳይጨርስ የተመለሰ ወንድሜ፣ ላንተም ነው። ሐዋርያው እናንተን «ወንድሜ፣ ከእኔ ጋር አብሮ ሠራተኛ፣ ወታደርም» ብሎ ነው የሚጠራችሁ። ሰው የሚላችሁን ተዉት።

በ3ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እስክንድርያን ወረርሽኝ መታት። የከተማዋ 14ኛ ፓትርያርክ ቅዱስ ዲዮናስዮስ የጻፉትን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ አቆይቶልናል። አረማውያኑ ገና የታመመውን እየገፉ ያስወጡ፣ ነፍሱ ያልወጣችውንም መንገድ ላይ ይጥሉ ነበር። ክርስቲያኖቹ ግን ሳይሰስቱ አስታመሙ። ቀሳውስት፣ ዲያቆናት፣ ምእመናን የሌላውን ሞት ወደ ራሳቸው ስበው፣ በሽተኛው ድኖ እነሱ ሞቱ። በኋላ በዚያችው ከተማ ድውያንን የሚያነሱ ወንድሞች «ፓራቦላኒ» ተባሉ። ስማቸው አፍሮዲጡ ከተመሰገነበት ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው።

የእነዚህ ፍጻሜ ግን ያሳዝናል። ውለው አድረው የከተማው ጠብ ውስጥ ገቡ። ሕዝብ ፈራቸው። እ.ኤ.አ. በ416 ቁጥራቸው ከ500 እንዳይበልጥ በንጉሥ ሕግ ተወሰነ። በነፍሳቸው ሊወራረዱ የተጠሩት በሰው ነፍስ ተወራረዱ። ይህን የማነሳው በከንቱ አይደለም። ዛሬ ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ በስልኩ የሰውን ልጅ «ውጣ! ሙት!» የሚል ክርስቲያን በዝቷል። የራሱን ልጅ ግን ውጭ አገር ልኳል። ወገኖቼ፣ ይህ ምን ዓይነት ውርርድ ነው? አቡነ ጴጥሮስን ጣሊያን «አርበኞቹን አውግዝ» ሲላቸው እንቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ በጥይት ሲመቱ፣ የሰጡት የራሳቸውን ደረት ነው።

ሐውልታቸው ሥር ፎቶ የተነሳ ሰው ነኝ። ከእናንተ ምን ልደብቅ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጽዋ ማኅበራችን አንድ ወጣት ታሰረ። ጥፋቱ ምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አልተነገረንም። ስድስት ወር ቆየ። ልጠይቀው ሦስት ጊዜ አስቤ ሦስቴም ቀረሁ። በር ላይ መታወቂያ ይመዘገባል አሉኝ። ስሜ መዝገብ ላይ ከሚገባ ብዬ ለእናቱ በቴሌብር ትንሽ ብር ላክሁ። እሳቸው ግን በየቀኑ ሳህናቸውን ይዘው ሁለት ታክሲ ይቀያይሩ ነበር። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በዚያ ሰሞን ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሜ ያስተማርሁት ማቴዎስ 25ን ነው፤ «ታስሬ ወደ እኔ መጥታችኋል» የሚለውን። እልልም ተባለልኝ።

ልጁ ተፈታ። በወሩ የጽዋው ተራ የእሱ ሆነ። ዳቦው ተባርኮ ከተቆረሰ በኋላ እሱ ራሱ እየዞረ አደለ። እኔ ጋ ሲደርስ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ያ የላኩት ብር ደርሶናል። እናቴ ሁሌ ታነሳዎታለች» አለኝ።

ዳቦውን በሁለት እጄ ተቀበልሁ። ቀና ብዬ ግን አላየሁትም።