ከአቡጀዲ እስከ ላቲን ስም፦ አዲስ የእሳት እራት እንዴት ትመዘገባለች?

ማታ የበረንዳ አምፖል ላይ የሚሰበሰበውን ነገር በሙሉ «ትንኝ» ብለን እናልፈዋለን። ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም መናገሻ አካባቢ ለሚኖር ሰው ግን፣ በተለይ ክረምቱ አልቆ መስከረም ሲጠባ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጠጋ ብሎ ማየት አይከፋም። ብዙው ትንኝ አይደለም፣ የእሳት እራት ነው። የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ ቡናማ፣ ክንፎቿን እንደ ጎጆ ክዳን አጥፋ ጸጥ ያለች። ከመካከላቸው አንዷ እስከ ዛሬ ስም ያልወጣላት ልትሆን ትችላለች። ማጋነን አይደለም።

የእሳት እራትና ቢራቢሮ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በዓለም ላይ ስም ካገኙት 160,000 ገደማ ዝርያዎች ቢራቢሮዎቹ ከ20,000 አይበልጡም። ሌላው በሙሉ የእሳት እራት ነው። ታዲያ ዝናውን ቢራቢሮ ወሰደችው፤ የእሳት እራት እኛ ዘንድ የምትታወቀው በጥፋቷ ነው። ተምች፣ ልብስ የሚበሳው ብል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ገብቶ በቆሎውን ያመሰው የአሜሪካ ተምች፣ ሁሉም የእሳት እራት ልጆች ናቸው። ማንንም የማይጎዱት ብዙ ሺዎቹ ግን የሚያስታውሳቸው የለም።

«አዲስ ዝርያ ተገኘ» የሚለው ዜና ትንሽ ያሳስታል። እራቷ አዲስ አይደለችም፣ ከእኛ በፊት እዚያው ነበረች። አዲስ የሚባለው ማንም በደንቡ መሠረት ገልጾ ስም ስላላወጣላት ነው። መገኘቷም የሚሆነው በተያዘችበት ሌሊት አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዓመታት በኋላ ጠረጴዛ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት አንድ ናሙና ከተሰበሰበበት ቀን ጀምሮ አዲስ ዝርያ ተብሎ እስኪታተም በአማካይ 21 ዓመት እንደሚፈጅ አሳይቷል። ሃያ አንድ ዓመት ሳጥን ውስጥ!

ሥራው የሚጀምረው ጫካ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ቅርቡ የመናገሻ ሱባ ደን ነው፣ በወጨጫ ተራራ ጥግ። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ከፍ ሲሉ ደግሞ ኮሶና አስታ አለበት። እንጦጦ ላይ ከምኒልክ ዘመን ወዲህ የመጣው ባህር ዛፍ አብዛኛውን ቦታ ስለያዘው፣ ለአገር በቀል እራት ፈላጊ ሱባ ይሻላል። ምክንያቱም ብዙ ትንንሽ እራቶች ትል ሳሉ አንድ ወይም ጥቂት የዛፍ ዓይነት ብቻ ነው የሚበሉት፤ ዛፉ ከሌለ እነሱም የሉም። በዚያ ላይ ተራሮቻችን እንደ ደሴት ናቸው፣ በስምጥ ሸለቆና በቆላ የተከበቡ። ደጋ የለመደች ትንሽ እራት ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው እንደልቧ አትሻገርም፣ በዚህ የተነሳ የአንድ አካባቢ ብቻ የሆኑ ዝርያዎች ይፈጠራሉ።

ካርታው ሱባን ከሞቃታማው የምድር ቀጠና ውስጥ ያስገባዋል፣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ነውና። ሌሊቱን ያደረ ግን ይህን አያምንም። ጋቢ ደርበህ ትንቀጠቀጣለህ። አንድ ጊዜ አብሬ አድሬ አይቻለሁ። ሁለት ዛፍ መሃል ነጭ አቡጀዲ ይወጠራል፣ ፊቱ ኃይለኛ መብራት ይሰቀላል፣ ጄኔሬተሩ ራቅ ብሎ ያጓራል። ጨረቃ የሌለችበት ሌሊት ይመረጣል፤ ጨረቃ ከወጣች መብራቱ ይደበዝዛል፣ የሚመጣውም ይቀንሳል። መጀመሪያ ትልልቆቹ መጥተው ይላተማሉ። ትንንሾቹ ቆይተው ጠርዙ ላይ ይቀመጣሉ። ባትሪ አስጠግተህ ስታያት ያቺ «ቡናማ» ያልካት እራት የብር ነጥብ፣ የወርቅ ጠርዝና እንደ ጥለት የተሸመነ መስመር አላት። ጣትህ ከነካት ግን ሁሉም እንደ ዱቄት ይራገፋል፣ ክንፏን የሸፈናት ቅርፊት ነውና። ስለዚህ በጣት መንካት ነውር ነው፤ በትንሽ ብልቃጥ ከላይ ይከደንባታል።

ለምን ወደ መብራት ይመጣሉ? ስሙ ራሱ ስለ ኩራዙ ነው፣ ለእሳት እራት ሆና የምትቀርብ። እሳት የምትወድ ይመስለን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ምርምር በፈጣን ካሜራ ቀርጾ ሌላ ነገር አሳይቷል፦ ነፍሳቱ ሲበሩ ጀርባቸውን ወደ ብርሃን ያዞራሉ። ሌሊት ብሩሁ ሰማይ ስለሆነ ይህ ልማድ ቀጥ ብለው እንዲበሩ ይረዳቸው ነበር። አምፖል ሲመጣ ግን ላይና ታቹ ይምታታባቸውና ዙሪያውን ሲዞሩ ያድራሉ።

ለጥቃቅኖቹ ከአቡጀዲ የሚበልጥ ዘዴ አለ፣ ቅጠል ማየት። አንዳንዶቹ ትል ሳሉ የሚኖሩት በቅጠሉ የላይና የታች ቆዳ መካከል ነው። እየበሉ ሲሄዱ ነጣ ያለ ጠመዝማዛ መንገድ ይተዋሉ፤ አንድ ቀን ካያችሁት በኋላ በየቅጠሉ ላይ ይታያችኋል። ቅጠሉን ቆርጦ እርጥብ ሶፍት ካለበት የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ማኖርና መጠበቅ ነው። ከወጣችልህ የምትበላውንም ዛፍ አብረህ አወቅህ፣ በአቡጀዲ የተያዘችዋ ይህን አትነግርህም። ስትወጣ ክንፏ ተዘርግቶ ከ3 ወይም ከ4 ሚሊሜትር የማያልፍ ዓይነትም አለ።

ከዚያ እንደ ፀጉር በቀጠነ መርፌ ተሰክታ፣ ክንፏ ተዘርግቶ ትደርቃለች። ከሥሯ ትንሽ ወረቀት ይገባል፦ ቦታ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ የሰብሳቢው ስም። ወረቀት የሌላት እራት ለሳይንስ ዋጋ የላትም፣ የቱንም ያህል ብታምር።

እዚህ ጋ ሰው የሚስቅበት ክፍል ይመጣል። ሁለት ዝርያዎች ክንፋቸው ቁርጥ አንድ ሆኖ ሊለያዩ ይችላሉ። መለያው ብዙውን ጊዜ የመራቢያ አካላቸው ነው። የሆዷ ክፍል ተነጥሎ በሞቀ 10 ከመቶ ፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ ይዘፈዘፋል፣ ለስላሳው ይሟሟል፣ ጠንካራው ሽፋን ይቀራል። ማይክሮስኮፕ ሥር የወንዱ ጥንድ መያዣ እንደ መቆንጠጫ ተከፍቶ ይታያል። አንዷ ዝርያ እዚያ ላይ ቀንድ አላት፣ ሌላዋ የላትም፣ በቃ። ከአንድ እግር ደግሞ ዲኤንኤ ይወሰዳል፤ ካናዳዊው ፖል ሄበርት እ.ኤ.አ. በ2003 ከባልደረቦቹ ጋር እንስሳትን ለመለያ ያቀረቡት የዘረመል ቁራጭ 658 ፊደል ያህል ነው። ጥሩ ምስክር ነው፣ ግን ብቻውን አይፈርድም።

ከባዱ ነገር «ከዚህ በፊት ስም አልወጣላትም» ማለት ነው። ለዚህ የዘመዶቿን የጥንት ናሙናዎች ማየት ግድ ይላል፣ ከአገራችን ከተወሰዱት ብዙዎቹ ያሉት ደግሞ ለንደን፣ በርሊንና ፓሪስ ነው። የሱባን እራት ለመለየት ቪዛ መጠየቅ! ያናድዳል። አሁን ናሙና ዝም ብሎ አይወጣም፤ የጄኔቲክ ሀብትን ስለማግኘት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ፈቃድ ይጠይቃል።

ስም አወጣጡ ራሱን የቻለ ሕግ አለው። መነሻው ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ያሳተመው ሥራ ነው። ስሙ ሁለት ቃል ሆኖ በላቲን ፊደል መጻፍ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ደግሞ ዝርያዋ አዲስ መሆኗ በግልጽ መነገርና አንዲት ናሙና ዋና ማስረጃ ተብላ መመረጥ አለባት። ቃሉ ግን ከየትም ቋንቋ ይምጣ፤ የእንጦጦዋ «እንጦጦኤንሲስ» ብትባል የሚከለክል የለም። የሚገርመው፣ መግለጫው በአማርኛ ቢጻፍም ሕጉ አይጥለውም፣ በሰፊው በሚነበብ ቋንቋ ይሁን ብሎ ይመክራል እንጂ። በሰው ስም መሰየምም ይቻላል፦ የእሳት እራት ተመራማሪው ቫዝሪክ ናዛሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ጭንቅላቷ ላይ ቢጫማ ነጭ ቅርፊት ያላትን የካሊፎርኒያ እራት «ኒኦፓልፓ ዶናልድትረምፒ» ብሏታል። ራስን በራስ ስም መሰየም ግን ያስተዛዝባል።

አንዴ የወጣ ስም እንዲሁ አይቀየርም። የእጽዋት ሕግ ሌላ ቢሆንም የእኛን ቡና አስቡ። ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «አራቢካ» አላት፣ ከዓረብ አገር የመጣች መስሎት፤ ይኸው እስከ ዛሬ አራቢካ ናት።

የተመረጠችዋ እራት ቀይ ወረቀት ይታሰርላትና ሙዚየም ትገባለች። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚጠራጠር ሰው ቢመጣ የሚመለሰው ወደ እሷ ነው። አደገኛ ጠላቷ ደግሞ ሌላ ነፍሳት ነው፣ የደረቀ ነፍሳት የምትበላ ትንሽ ጥንዚዛ፤ ከገባች ሳጥኑን ዱቄት ታደርገዋለች። ስለዚህ በድሮዎቹ ስብስቦች መሳቢያው ሲከፈት ናፍታሊን ይሸታል። ልብሳችንን ከብል የምንጠብቅበት ያው ናፍታሊን እዚያ የእሳት እራቷን ይጠብቃል።