«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል»፤ ውቅያኖስ ያላየስ?

አንድ ወዳጃችሁ ከተማ ውስጥ ክትፎ በልቶ «እንዲህ ያለ ክትፎ ዓለም ላይ የለም» ብሎ ማለላችሁ እንበል። እናንተ ደግሞ ለመስቀል ጉራጌ አገር ሄዳችሁ ቀምሳችኋል። መልሳችሁ አንድ ነው፤ «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል»።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። ትልቁን ያላየ በትንሹ ይደነቃል። ግን ልብ በሉ፣ ተረቱ ምንጩን አይሰድብም። ምንጭ ንጹሕ ነው፣ ይጠጣል፣ ቢመሰገንም ሲያንሰው ነው። የሚነካው ሰውዬውን ነው፣ ያውም በዋዛ። ስለዚህ ለእኩያ እንጂ ለታላቅ ሰው ፊት ለፊት ባይተርቱት ይሻላል።

እኔን የሚገርመኝ ግን መለኪያው ነው። ለምን ዓባይ? ከውሃ ሁሉ ትልቁ ውቅያኖስ አይደል? ነገሩ ወዲህ ነው። የደጋው ገበሬ ውቅያኖስ የት ያውቃል? እሱ የሚያውቀው ትልቅ ውሃ ክረምት ላይ ደፍርሶ የሚያስፈራው ዓባይ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ያለውም ይኸው ሰው ነው። ጣናን እንኳ «ባሕር» ብሎታል። ባሕር ዳር እኮ የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። ከሩቅ አገር የመጣውን ዛፍም ባሕር ዛፍ አለው። (ጃፓኖችም የፈረንጅን ልብስ «ዮፉኩ» ይሉታል። ቃል በቃል «የውቅያኖስ ልብስ» እንደማለት ነው።)

ባሕር፣ ሐይቅና ወንዝን ማደባለቅ የእኛ ብቻ አይደለም። ጀርመን «ሜር» ሲል ባሕር ማለቱ ነው። ጎረቤቱ ሆላንዳዊ ያንኑ ቃል ለሐይቅ ይጠቀምበታል። ቤጂንግ መሀል ያለው «በይሃይ» ትርጉሙ «ሰሜን ባሕር» ነው፤ ውሃው ግን የመናፈሻ ሐይቅ ነው። ግብፃውያን ናይልን «ባሕር» ይሉታል። ሱዳኖችም የእኛኑ ዓባይ «ባሕር አልአዝረቅ» ይሉት ነበር፣ ሰማያዊው ባሕር ማለት ነው።

«ውቅያኖስ» ራሱ ደግሞ በግዕዝ በኩል የገባ የግሪክ ቃል ነው። ጥንቱ «ኦኬአኖስ» ነው። መጨረሻው ላይ ያለችውን «ኦስ» እዩዋት፣ ከጴጥሮስና ከጳውሎስ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። «ክ» ወደ «ቅ» የተለወጠችውም በማርቆስና በሉቃስ ላይ እንደሆነችው ነው።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለጥንት ግሪኮች ኦኬአኖስ ባሕር አልነበረም። ወንዝ ነበር! ጥንታዊው ገጣሚያቸው ሆሜር ምድርን ዙሪያዋን የከበበ ታላቅ ወንዝ ያደርገዋል። ወንዞችና ባሕሮች ሁሉ፣ ምንጮችም ሳይቀሩ፣ የሚፈልቁት ከእሱ ነው ይላል። የአማልክቱ አለቃ ዜውስ ለግብዣ ወደ ኢትዮጵያውያን የሚሄደውም ወደዚሁ ወደ ኦኬአኖስ ነው። (የዛሬዋ አገራችን ናት ብላችሁ ግን አትቸኩሉ። ለግሪኮች በዓለም ጠርዝ የሚኖር ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነበር።) ዐረቦችም ውቅያኖስን «ሙሒጥ» ይሉታል፣ «የከበበ» ማለት ነው። ሥዕሉ አንድ ነው።

ከዚያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ መጣ። ያን ጊዜ ግሪኮችን የሚያከራክር ጥያቄ ነበር። ዝናብ በሌለበት በግብፅ፣ ያውም በሐሩር ወራት፣ ናይል ለምን ይሞላል? አንዳንዶቹ ከኦኬአኖስ ስለሚመጣ ነው አሉ። ሄሮዶቱስ ሳቀባቸው። ኦኬአኖስ የሚባል ወንዝ አላውቅም፣ ሆሜር ወይም ከእሱ የቀደመ ገጣሚ የፈጠረው ስም ነው አለ። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነው። የራሱ መላ ግን ከእነሱ አልተሻለም። በብርድ ወራት ነፋስ ፀሐይን ከመንገዷ ይገፋታል፣ ያን ጊዜ ወንዙን ጠጥታ የምታጎድለው እሷ ናት ብሎ አረፈው።

መልሱ የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ነበር። ደቡብ ግብፅ፣ አስዋን ከሚደርሰው ውሃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሄደው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው፣ አብዛኛውም በክረምት። ሄሮዶቱስ በናይል ሽቅብ እስከ አስዋን አካባቢ ወጥቻለሁ ይላል። ዓባይን ግን አላየም።

አንድ ነገር ብቻ ተረቱን ያበላሽብኛል። ዓባይ ራሱ የሚነሣው ጎጃም፣ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ከሚባል ቦታ ነው። ከዚያ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ጣና ይወርዳል፣ ባሕር ዳር ላይ ዓባይ ሆኖ ይወጣል። ግሽ ዓባይ ላይ ያለው ታዲያ ምንጭ ነው። ሰው ጠበል ብሎ ይጠጣዋል፣ ይጠመቅበታል። እዚያ ቆሞ ምንጩን ያመሰገነውን ሰው ምን ብለን ልንተርትበት ነው?