በባሕር ዳርና በጣና ዳር የሴቶችን ጥቃት መለየትና እርዳታ ማግኘት

ጥቃት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የበለዘ ዓይን ነው። በባሕር ዳር ሰፈሮችም ሆነ በሐይቁ ዳር ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ምልክት በማይተው ነገር ነው። ባል የሚስቱን ስልክ ይፈትሻል፤ ወላጆቿ ጋ እንዳትሄድ ይከለክላል፤ ዓሣ ወይም እንጨት ሸጣ ያመጣችውን ገንዘብ ይቀማታል፤ በልጆቿ ፊት ያዋርዳታል። በደላላ በኩል ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የተቀጠረች ልጅ ደግሞ ደመወዟ ይያዝባታል፤ ከግቢ እንዳትወጣም ይቆለፍባታል።

ከሁሉም የሚያሰጋው ማነቅ ነው። አንገቷ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል፤ ድምፅዋ ከጎረነነ፣ ምራቋን መዋጥ ካቃታት ወይም ዓይኗ ውስጥ ደም ከቋጠረ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያያት ይገባል። አንዴ ያነቀ ባል በሌላ ቀን ሊገድል እንደሚችል ማሰብ ማጋነን አይደለም።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው 100 ሴቶች እርዳታ የጠየቁት 23 ያህሉ ብቻ ነበሩ። «ገመና አይወጣም» የሚለው ልማድ ከዚህ በስተጀርባ አለ።

ለተደፈረች ሴት ሰዓቱ ወሳኝ ነው። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ መጠን የተሻለ ይሠራል፤ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ነው። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል። ከምርመራው በፊት ባትታጠብ ይመረጣል። የለበሰችውን ልብስ በወረቀት ጠቅልላ ትያዝ፤ ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ማስረጃውን ያበላሸዋል። ታጥባ ከሆነም ከመሄድ አትቅር፤ ሕክምናው ያው ነው።

በባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሕክምናን፣ የምክር አገልግሎትንና የፍትሕ አካላትን ያገናኘ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ። ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት የምትመጣ ሴት ግን ጀልባ ስትጠብቅ ሰዓቱ ይነጉዳል፤ መንገድ የሚዘጋበት ቀንም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ትሂድ። የፖሊስ ደብዳቤ እስኪጻፍ ብላ ሕክምናውን አታዘግይ። በመደፈር ምክንያት ካረገዘች በሕጋዊ መንገድ ለማቋረጥ የራሷ ቃል በቂ ነው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 ሚስትን መጉዳት ወንጀል መሆኑን ይደነግጋል። አስገድዶ መድፈር በአንቀጽ 620 መሠረት በመነሻው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል፤ ሕጉ ድርጊቱን «ከጋብቻ ውጭ» ብሎ መወሰኑ ግን በባላቸው የሚደፈሩ ሴቶችን ያለ ከለላ የተወ ከባድ ክፍተት ነው። ቀላል የአካል ጉዳት የሚከሰሰው ተበዳይዋ አቤት ስትል ነው፤ ለዚህም ያላት ጊዜ 3 ወር ነው። ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌ ይገባል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ባል ይቅርታ ይጠይቃል፤ እስከዚያው እብጠቱ ይጠፋል፣ ምስክሩም ይሸሻል። እርቅ ብትፈልግ እንኳ ቀድማ ትመርመር፤ የሐኪሙ ማስረጃ ይኑራት።

ብዙዎችን ከቤት እንዳይወጡ የሚያስራቸው ንብረት ነው። ቤት ጥሎ መውጣት ግን ከጋራ ንብረት ያለውን ድርሻ አያሳጣም። በአማራ ክልል ባልና ሚስት በጋራ ለያዙት የገጠር መሬት የሚሰጠው የይዞታ ደብተር የሁለቱንም ስምና ፎቶ ይይዛል፤ ደብተሩን ይዞ መውጣት ካልተቻለ ገጾቹን በስልክ ማንሳት ይጠቅማል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ7711 ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት። ባል በማይፈትሸው የሌላ ሰው ስልክ መደወል ይሻላል።

ጎረቤት ብዙ ማድረግ ይችላል። «ለምን አትተዪውም?» የሚለው ጥያቄ አፏን ያዘጋታል። መታወቂያዋን፣ የጋብቻ ወረቀቷን፣ የልጆቿን የልደት ካርድ፣ ቅያሪ ልብስና የባጃጅ ገንዘብ የያዘ ቦርሳ በጎረቤት ቤት ማስቀመጥ፣ አንድ ምልክትም መስማማት ይቻላል፤ ለምሳሌ ልጇ «እማዬ ወንፊት አውሺኝ ብላለች» ብሎ ሲመጣ፣ ልጁን ቤት አስቀርቶ ወዲያው ፖሊስ መጥራት።