«99 በመቶ ትክክለኛነት» ምንድን ነው?

ሰሞኑን እንደገና ሰማሁት። ትልልቅ ኩባንያዎች በደገፉት የቴክኖሎጂ ውድድር ያሸነፈ ሶፍትዌር የጡት ካንሰርን «በ99 በመቶ ትክክለኛነት» ይለያል ተባለ፤ ተናጋሪውም ትንፋሽ ሳይወስድ «ታዲያ ከእንግዲህ የራዲዮሎጂ ሐኪም ምን ይሠራል?» ሲል ጠየቀ። የጡት ራጅ ማንበብ የዕለት ተዕለት ሥራዬ ነው፤ ይሁን እንጂ የተቆጣሁት እንጀራዬን ሊነጥቁኝ ነው ብዬ አይደለም። ይህን ቁጥር አምና «ሶፍትዌሩ ደህና ነሽ ካለኝ ደህና ነኝ» ብላ ቤቷ የምትቀመጥ ሴት ትኖራለች ብዬ ስለምሰጋ ነው።

ስለ ውድድሮቹ አሠራር ብዙ አልልም። ኩባንያ ወይም በጎ አድራጊ ድርጅት ሽልማትና የኮምፒውተር አቅም ያቀርባል፤ ሆስፒታሎች የታካሚ ስም የጠፋበትን ምስል ይሰጣሉ፤ ተወዳዳሪው ፕሮግራሙን ይሠራል፤ ዳኞች ደግሞ ፕሮግራሙ አይቶት በማያውቀው ምስል ይፈትኑታል። መልካም ሥራ ነው፤ ቢበዛልን እወዳለሁ። ችግሩ ውጤቱ ከዳኞቹ ጠረጴዛ ተነሥቶ አደባባይ እስኪደርስ ድረስ ሌላ ስም ማውጣቱ ነው።

«ትክክለኛነት» ማለት ከተሰጡት መልሶች ሁሉ ውስጥ ትክክል የሆኑት ድርሻ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የመጋዘን በር የሚጠብቅ ዘበኛ አስቡ። ማታ 1,000 ሠራተኞች ይወጣሉ፤ ከእነርሱ 10ሩ በቦርሳቸው የተሰረቀ ዕቃ ይዘዋል። ዘበኛው እንቅልፍ ጥሎት ሁሉንም ቢያሳልፍ ስለ 990ው ሰው አልተሳሳተም፤ ትክክለኛነቱ 99 በመቶ ነው። የያዘው ሌባ ግን አንድም የለም።

ይህን ያመጣሁት ለማጋነን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ተጀምሮ በ2017 የተጠናቀቀውን የዲጂታል ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ድሪም ውድድር እንመልከት። ትልቅ የገንዘብ ሽልማት የተመደበለት፣ አይቢኤም እና አማዞን በኮምፒውተር አቅም ያገዙት፣ ከ44 አገሮች 126 ቡድኖች የተሳተፉበት ውድድር ነበር። ከአሜሪካ የቀረበው መረጃ የ85,580 ሴቶች ሲሆን፣ ከምርመራው በኋላ በ12 ወር ውስጥ ካንሰር የተገኘባቸው 952 ነበሩ። ምስሉን ሳይከፍት ለሁሉም «ካንሰር የለም» የሚል ፕሮግራም ቢቀርብ በዚህ መረጃ ላይ 98.9 በመቶ ትክክል ይሆን ነበር፤ 952ቱንም ታማሚዎች ወደ ቤታቸው እየሸኘ። አዘጋጆቹ ይህን አሳምረው ስለሚያውቁ ተወዳዳሪዎችን በትክክለኛነት አልዳኙም።

ዳኞች የሚጠይቁት ሁለት ጥያቄ ነው። ካንሰር ካለባቸው ሴቶች ስንቱን አገኘ? ከጤነኞቹስ ስንቱን በሰላም አሰናበተ? የመጀመሪያውን ሴንሲቲቪቲ፣ ሁለተኛውን ስፔሲፊሲቲ እንለዋለን። አንዱን ለብቻው ይዞ መመካት አይቻልም፤ ዘበኛው ሌቦቹን ሁሉ መያዝ ከፈለገ የ1,000ውንም ሰው ቦርሳ ማስከፈት ይችላልና።

በዚያ ውድድር ፕሮግራሞቹ እነዚያኑ ምስሎች ያነበቡትን የአሜሪካ ሐኪሞች ያህል ካንሰር እንዲያገኙ ሆኖ ሲለኩ፣ አንደኛ የወጣው ፕሮግራም ስፔሲፊሲቲ 66.2 በመቶ ሆነ። የሐኪሞቹ 90.5 በመቶ ነበር። ቁጥሩን ወደ ሰው ስንመልሰው፣ ከ1,000 ጤነኛ ሴቶች ሐኪሞቹ 95ቱን ለተጨማሪ ምርመራ ይጠራሉ፤ ፕሮግራሙ 338ቱን ይጠራል።

መጠራት ምን እንደሆነ ከቅርብ አይቼዋለሁ። ስልክ ይደወልላታል፤ «ምስሉ ላይ እንደገና ልናየው የምንፈልገው ነገር አለ» ትባላለች። ከዚያ እስከ ቀጠሮው ቀን እንቅልፍ የለም። ጡቷ እንደገና በሁለት ሳህን መካከል ተጨፍልቆ ምስሉ ጎልቶ ይነሣል። እኛ የምናየው ከጨው ቅንጣት ያነሱ ነጫጭ ነጥቦች ይሆናሉ፤ ተበታትነው ከሆነ ብዙ ጊዜ ምንም አይደሉም፤ በአንድ ቦታ ተሰብስበው ቅርጻቸው የተዘበራረቀ ከሆነ ግን ያሳስባሉ። አልትራሳውንድ ይከተላል፤ አንዳንዴም በመርፌ ናሙና መውሰድ። የዘበኛው ምሳሌ እዚህ ላይ ያጥርብኛል፤ ቦርሳ ከፍቶ መዝጋት ቀላል ነው፤ እዚህ ግን የሚከፈተው የሰው ገላ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨኝ ሌላ ስሕተት አለ፤ ኤዩሲ የሚባለውን መለኪያ ወስዶ «ትክክለኛነት» ብሎ ማወጅ። እ.ኤ.አ. በ2016 ካሜልዮን የተባለ ውድድር ተካሂዶ ነበር፤ የጡት ካንሰር ወደ ብብት የሊምፍ ዕጢ መዛመቱን ከማይክሮስኮፕ ስላይድ ምስል ላይ የሚለዩ ፕሮግራሞች ተወዳደሩበት። የአሸናፊው ኤዩሲ 0.994 ነበር። ወዲያው «99.4 በመቶ ትክክል» ተባለ። አይደለም! ኤዩሲ የሚለካው እንዲህ ነው፤ አንድ በሽታው ያለበትና አንድ የሌለበት ምስል በዕጣ ቢወጡ፣ ፕሮግራሙ ላለበት ከፍ ያለ ነጥብ የመስጠት ዕድሉ ምን ያህል ነው? ዘበኛችን ከበሩ የሚወጣውን ሰው ሁሉ እንደ ጥርጣሬው መጠን በሰልፍ አቆመ እንበል። ሌቦቹ ወደ ሰልፉ ፊት ከመጡ ኤዩሲው ከፍተኛ ነው። ሰልፉን የት ላይ ቆርጦ ስንት ሰው እንደሚፈትሽ ግን ገና አልወሰነም። ሴቲቱን የሚነካት ይህ መቁረጫ ነው፤ ኤዩሲ ስለ እርሱ አንድም ነገር አይነግረንም።

በዚያው ውድድር መፈተኛ ከነበሩት 129 ስላይዶች 49ኙ ካንሰር የተዛመተባቸው ነበሩ። በዘበኛው በር ከ100 ሰው 38ቱ ሌባ ነው እንደማለት ነው። እንዲህ ባለ በር የተመሰከረለት ዘበኛ ከ1,000 ሰው 10 ያህሉ ብቻ ሌባ ወደሆነበት በር ሲዛወር፣ «ቁም» ካላቸው ሰዎች ውስጥ አብዛኞቹ ንጹሐን ይሆናሉ። የዘበኛው ዓይን አልደከመም፤ የተለወጠው በሩ ነው። የካሜልዮን አሸናፊ ፕሮግራም «ሐኪሞችን በለጠ» የተባለበትም መንገድ ሊነገር ይገባል። 11 ፓቶሎጂስቶች (ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩ ሐኪሞች) 129ኙን ስላይድ በሁለት ሰዓት ገደማ እንዲጨርሱ ተጠይቀው አማካይ ኤዩሲያቸው 0.810 ሆነ። የጊዜ ገደብ ያልተጣለባቸው አንድ ባለሙያ ደግሞ 30 ሰዓት ያህል ወስደው 0.966 አገኙ። በሥራ የተጣደፈ ሰው ይስታል፤ ይህ እውነት ነው፤ ፕሮግራሙም በዚህ በኩል ትልቅ እገዛ ይሆናል። የሚለካው ነገር ግን ችሎታ ብቻ ሳይሆን ጥድፊያም እንደሆነ አብሮ ይነገር።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሳልናገረው ማለፍ አልችልም። የማሞግራፊ ውድድሩ ምስሎች ምልክት ለሌላቸው ሴቶች በሚደረግ ቅድመ ምርመራ ላይ የተነሡ ናቸው። በጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች፣ የጡቷ ጫፍ ወደ ውስጥ የገባ ወይም ደም የፈሰሳት ሴት ጉዳይዋ ሌላ ነው። ለእርሷ ራጁ ንጹሕ ቢሆን እንኳን ምርመራው አያበቃም፤ ሕብረ ሕዋሷ ጥቅጥቅ ያለ ጡት በራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ዕጢም ነጭ ነው፤ ነጭ በነጭ ላይ ይሸሸጋል። እንዲሁም «ካንሰር የለባትም» የተባለችው ሴት በ12 ወር ውስጥ ያልተገኘባት ማለት ናት፤ በ14ኛው ወር የተገኘባት ሴት በመዝገቡ ላይ ጤነኛ ሆና ተቆጥራለች።

«ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብና ድካም ከንቱ ነው ልትል ነው?» ይለኛል ተናጋሪው። አልልም። የማሞግራፊው ውድድር ውጤት እ.ኤ.አ. በ2020 ሲታተም አንድም ፕሮግራም ለብቻው ሐኪሞቹን አልበለጠም። የበላይ የሆኑት ፕሮግራሞች ነጥብ ከአሜሪካ ሐኪሞቹ ንባብ ጋር ሲጣመር ግን፣ የሚገኘው ካንሰር ሳይቀንስ ስፔሲፊሲቲው ከ90.5 ወደ 92.0 በመቶ ከፍ አለ። በዜና ርዕስ ላይ የማትወጣ ትንሽ ቁጥር ናት። ከ1,000 ጤነኛ ሴቶች ለ15ቱ ያ ስልክ አይደወልም ማለት ነው።