ሁለት ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ጉርሻ ነው

የስኳር ክትትል ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። አንድ ንግግር ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም። «ሲስተር፣ በልቼ ከጨረስኩ በኋላ ሁለት ሰዓት ጠብቄ ለካሁ፤ ስኳሬ ጥሩ ነው።» ደብተራቸውን ስገልጥ ቁጥሮቹ ያምራሉ። የሦስት ወር ስኳር ውጤታቸው፣ ማለትም የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ሲመጣ ግን ከፍ ብሎ ይገኛል። በጣም የሚያናድደኝ ሰዎቹ እየጣሩ መሆናቸው ነው። ጣታቸውን ይወጋሉ፣ ለስትሪፕ (ደሙ ለሚነካበት የመለኪያ ወረቀት) ገንዘብ ያወጣሉ፣ ቁጥሩን ይጽፋሉ። ልፋታቸውን ከንቱ የሚያደርገው የሰዓት አቆጣጠሩ ነው።

ሁለት ሰዓቱ የሚጀምረው የመጀመሪያውን ጉርሻ ስትጎርሱ ነው። በልታችሁ እጃችሁን ስትታጠቡ አይደለም። ሆዳችን ማዕዱ እስኪነሳ አይጠብቅም። መጀመሪያ ከበላነው እንጀራ የሚወጣው ስኳር በሩብ ሰዓት ገደማ ወደ ደም መግባት ይጀምራል። አብዛኛው ሰው ላይ ጫፍ የሚደርሰው መብላት ከተጀመረ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እርጉዝ ላልሆነ አብዛኛው አዋቂ «ከምግብ በኋላ ከ180 በታች ይሁን» ሲባልም የሚፈለገው ይህ ጫፍ ነው (ቁጥሮቼ በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው)። ዘግይቶ የለካ ሰው የሚያገኘው መውረድ የጀመረውን ቁጥር ነው።

የእኛ አበላል ደግሞ ስህተቱን ያሰፋዋል። ጡረታ የወጡ አንድ አባት ነበሩ። ምሳ የሚጀምሩት 6፡30 ላይ ነው። ቤታቸው እንግዳ አይጠፋም፤ እየተጨዋወቱ ይበላሉ። ቡናው ይፈላል፤ አቦሉም ቶናውም ተጠጥቶ 8፡00 ይሆናል። «አሁን ጨረስኩ» ብለው ሁለት ሰዓት ይቆጥሩና 10፡00 ላይ ይለካሉ። ብዙውን ጊዜ ውጤታቸው ከ140 ብዙም አይርቅም። የለኩት ግን መብላት ከጀመሩ ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። 8፡30 ላይ እንዲለኩ ነገርኳቸው። ከ230 በላይ ሆነ። ሐኪማቸው መድኃኒቱን ያስተካከለላቸው ያንን ቁጥር ካየ በኋላ ነው።

ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ማንቂያ ሙሉ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ከመጉረሳችሁ በፊት ሙሉት፤ በኋላ ትረሱታላችሁ።

ቡናውንም አትርሱት። በሁለቱ ሰዓት መካከል ስኳር ያለበት ቡና ከዳቦ ወይም ከፈንዲሻ ጋር ከወሰዳችሁ፣ የለካችሁት የምሳውንም የቡና ቁርሱንም ነው። በምትለኩበት ቀን ቡናውን ያለ ስኳር ጠጡ። ካልሆነም ምን እንደጨመራችሁ ደብተሩ ላይ ጻፉት።

«ጠዋት በባዶ ሆድ ከለካሁ ይበቃል።» አይበቃም። ጠዋት 115 ሆኖ ከምሳ በኋላ 250 የሚገባ ሰው ሞልቷል። የሦስት ወር ስኳር ሁለቱንም ይዞ ነው የሚመጣው።

«ከበላ በኋላ የማንም ሰው ስኳር ይጨምራል፣ ምን ያስለካል?» ይጨምራል። ስኳር የሌለበት ሰው ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ140 በታች ይመለሳል።

«ጤፍ ስኳር የለውም።» ጤፍ እህል ነው፣ ስታርች አለው፣ ስታርቹም ስኳር ይሆናል። አንድ እንጀራና ሁለት እንጀራ እኩል አይደሉም። ስንት እንጀራ እንደሚስማማችሁ የሚነግራችሁ ያው ልኬት ነው።

«እጄን በአልኮል ጠርጌያለሁ።» በእጃችን ነው የምንበላው። ማንጎ ወይም ብርቱካን የነካ ጣት ላይ የቀረ ስኳር ቁጥሩን በጣም ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ አልኮልም ሁሉንም አያስለቅቅም። በውኃና በሳሙና ታጠቡ፣ በደንብ አድርቁ። የጣታችሁን መሀል ሳይሆን ጎኑን ውጉ፤ ሕመሙ ይቀንሳል።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። «ሁለት ሰዓት ላይ 240 ሲሆንብኝ ኢንሱሊን ጨመርኩ» የሚሉ አሉ። ከምግብ በፊት የተወጋችሁት ሬጉላር (አጭር ጊዜ የሚሠራው) ኢንሱሊን በጣም የሚሠራው ከተወጋችሁ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ገና እየሠራ ያለ መድኃኒት ላይ ሌላ ከደረባችሁ ማታ ስኳራችሁ ወርዶ ልትወድቁ ትችላላችሁ። ከምግብ በኋላ የምትለኩት ቁጥር ለሚቀጥለው ቀጠሮ የሚመዘገብ መረጃ ነው። ሐኪማችሁ ለይቶ ካላዘዘላችሁ በስተቀር በዚያ ቁጥር ኢንሱሊን አትጨምሩ።

የዚህ ተቃራኒም አለ። እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ እያላበው፣ ልቡ እየመታ «ሁለት ሰዓት አልሞላኝም» ብሎ የሚጠብቅ ሰው አይቻለሁ። እንዲህ ያለ የስኳር መውረድ ምልክት ሲመጣ ሰዓት አይጠበቅም፤ ወዲያው ይለካል። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። መለኪያው አጠገባችሁ ከሌለ ስኳሩን ቀድማችሁ ውሰዱ።

«በረመዳን ጣት መውጋት ፆም ያፈርሳል» የሚለውም መቆም አለበት። አያፈርስም። ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ግን ፆሙን ማቋረጥ ያስፈልጋል። እስከ 9 ሰዓት የሚፆሙ ኦርቶዶክሶችም፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ (ስኳር የሚያወርድ ክኒን) የሚወስዱ፣ በፆሙ ሰዓት መሀል ይለኩ። ከምግብ በኋላ የሚባለው ልኬት ለእነሱ የሚሆነው 9 ሰዓት ላይ ከበሉት በኋላ፣ 11 ሰዓት ላይ ነው። ፆም ከመያዛቸው በፊት ግን ስለ መድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ሐኪማቸውን ያማክሩ።

እርጉዝ ከሆናችሁ ከላይ የጻፍኩትን 180 እርሱት። የእናንተ ልክ ጠበቅ ይላል፤ አንድ ሰዓት ላይ ከ140 በታች፣ ሁለት ሰዓት ላይ ከ120 በታች ነው።

ከስዊድን ወይም ከእንግሊዝ ዘመድ የላከው መለኪያ 11 ወይም 12 ሲያሳይ «በጣም ወርዷል» ብለው የደነገጡም አሉ። እዚያ የሚለካው በሚሊሞል ነው። ወደ እኛ ሚሊግራም ለመቀየር በ18 አባዙት፤ 12 ማለት 216 ነው።

ስትሪፕ ውድ እንደሆነ፣ አንዳንዴም እንደሚጠፋ አውቃለሁ። በየቀኑ በየማዕዱ ለኩ አልልም። በምትለኩበት ቀን ጥንድ አድርጉት፤ ልትበሉ ስትሉ አንድ፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ ሁለት ሰዓት በኋላ አንድ። ዛሬ የምሳ፣ ሌላ ቀን የራት፣ ከዚያ የቁርስ። ከሁለቱ ቁጥሮች ጎን የበላችሁትን በአጭሩ ጻፉ፤ «አንድ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ቡና በስኳር» በቂ ነው። ደብተሩን በቀጠሮ ቀን ይዛችሁ ኑ፤ የከፉትን ቁጥሮች ሳትሰርዙ።