በጎንደር የምርጫ ዕጩዎች የኋላ ታሪክ፦ ለመራጩ ምን ያህል ይገለጣል?

ለሕዝብ ውክልና የሚወዳደር ሰው ከዚህ በፊት የት እንደሠራ፣ ምን እንዳፈራና ፍርድ ቤት ምን እንደወሰነበት ለመራጩ ምን ያህል ይናገር? ጎንደር ላይ የዚህ መልስ በወረቀት ከሰፈረው ይልቅ በሰው አፍ ያለው ይበዛል።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ፓርቲ አልነበረም፤ በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት ዕጩ በሚወዳደርበት ወረዳ ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር።

ከተማዋ ያለፈን ነገር አጥብቃ የምትጠይቅበት ምክንያት የደርግ ዘመን ነው። በቀይ ሽብር ክፉኛ ከተጎዱ ከተሞች ጎንደር አንዷ ናት። የክፍለ ሀገሩ የበላይ የነበረው ሻለቃ መላኩ ተፈራ እስከ ዛሬ በእናቶች እንጉርጉሮ ይነሳል። «የዛሬን ማርልኝ፣ ሁለተኛ አልወልድም» የተባለው ለእሱ ነው። በ1984 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ቁጥር 22 ተቋቋመ። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በ1987 ተጀመረ፤ ዋናው የጥፋተኝነት ውሳኔ በታኅሣሥ 1999 ተሰጠ። መላኩም ጥፋተኛ ተብሏል። ትልልቆቹ በመዝገብ ሰፈሩ። በየቀበሌው የጠቆሙትና ያሳሰሩት ግን አብዛኞቹ በጎረቤት ትዝታ ብቻ ቀሩ። ስለዚህ አራዳም ሆነ አዘዞ አንድ ዕጩ ብቅ ሲል አዛውንቶች «ያኔ የት ነበር? የማን ልጅ ነው?» ይላሉ። የመጀመሪያው ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው አይደለም፤ ልጅ በአባቱ ሥራ አይዳኝም።

አሁን የሚሠራበት የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ዕጩው ኢትዮጵያዊ እንዲሆን፣ 21 ዓመት እንዲሞላው፣ የክልሉን የሥራ ቋንቋ እንዲያውቅና የመመረጥ መብቱ በሕግ ያልተገፈፈ እንዲሆን ይጠይቃል። መስፈርቶቹ የሰውየውን ብቁነት እንጂ የሕይወት ታሪኩን አይመለከቱም። የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ደግሞ ተሿሚ፣ ተመራጭና የመንግሥት ሠራተኛ ሀብቱን እንዲያስመዘግብ ያዛል። ተመራጭ የሚሆነው ግን ከተመረጠ በኋላ ነው። መራጩ ኮሮጆው ፊት ሲቆም ሰውየው ስንት ቤት እንዳለው አያውቅም። ይህ መደፈን ያለበት ክፍተት ነው።

በቅስቀሳ ሰሞን በራሪ ወረቀት ላይ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ፎቶ፣ ስም፣ የምርጫ ምልክትና የትምህርት ደረጃ ነው። ቀሪው ቅዳሜ ገበያ፣ ቡና ላይና ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ይጣራል። አጠገብ የተቀመጠው ሰው ጠጋ ብሎ «ማዘጋጃ ቤት እያለ ለእነ እከሌ መሬት የሰጠው እሱ አይደል?» ይላል። የጎንደር ሰው ትዝታው ጠንካራ ነው፤ በዚህ መንገድ የሚታወቀው ቀላል አይደለም። ችግሩ ዕጩው ድንኳን ውስጥ የለም። ወሬው እውነትም ይሁን ሐሰት መልስ አያገኝም። የያዘውን ኃላፊነትና የለቀቀበትን ምክንያት ራሱ ጽፎ ቢሰጥ ለሁሉም ይበጃል።

እስር ለየት ያለ ጉዳይ ነው። በሐምሌ 2008 ከተማዋ ውስጥ በተነሳው ተቃውሞ ሰዎች ታስረዋል፤ በ2010 በአገር ደረጃ ብዙ የፖለቲካ እስረኞች ተፈትተዋል። እዚህ «ታስሮ ነበር» ማለት ሁልጊዜ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ድምፅ ሊያስገኝ ይችላል። በ2013ም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በእስር ላይ የነበሩ የባልደራስ ፓርቲ አመራሮች በዕጩነት እንዲመዘገቡ ወስኗል። ስለዚህ መገለጥ ያለበት መታሰሩ ብቻ ሳይሆን ክሱና የመጨረሻው ውሳኔ ጭምር ነው።

የትምህርት ማስረጃን ማሳየትም አይከብድም። በ1947 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ከተነሳው አንጋፋው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመርቄያለሁ የሚል ዕጩ ዲግሪውን ለማስመርመር የሚፈራበት ምክንያት የለም።

ጤና፣ ትዳርና የዘር ሐረግ ግን የመራጩ ጉዳይ አይመስሉም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ በአዋጅ 668/2002ም ቢሆን የቤተሰብ ሀብት መረጃ በምስጢር የሚያዝ ነው።