«አራት ቦታ? ለምን?»፦ ሥራ ስለመቀያየርና ስለ ቅነሳ ተሳስተን የምናምናቸው ነገሮች

በስድስት ዓመት አራት ቦታ ሠርቻለሁ። ከሁለቱ የወጣሁት ፕሮጀክት አልቆ ነው፣ ከአንዱ በቅነሳ፣ አንዱን ደግሞ ራሴ ለቅቄ። ኢንተርቪው በገባሁ ቁጥር ሲቪዬን የያዘው ሰው ዓይኑ ቀኖቹ ላይ ሲቆም አያለሁ። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። አሁን በምሠራበት ቦታ አንዳንዴ እኔም ከጠያቂዎቹ ጋር እቀመጣለሁ። አመልካች የሚፈራውና ጠያቂ የሚፈራው ነገር ብዙ ጊዜ እንደማይገናኝ የገባኝ ያኔ ነው።

«ብዙ ቦታ የዞረን ሰው ማንም አይቀጥረውም»

ይቀጥረዋል። እኛ ስንጠይቅ በሆዳችን ያለው ነገር አንድ ነው፦ «ይሄ ልጅ ሥራውን ለምዶ በስድስት ወሩ ደህና ሁኑ ይለን ይሆን?» እሱን ከመለሳችሁ አራትም ይሁን አምስት ቦታ ግድ የለም።

ብዙው የኤንጂኦና የኮንስትራክሽን ሥራ በኮንትራት ነው። ፕሮጀክት ሲያልቅ ሰው ይበተናል። ሲቪው ግን ይህን አይናገርም። «ከመስከረም 2012 እስከ ሰኔ 2013» ብሎ ዝም ይላል። ያነበበው ሰው «ተጣልቶ ይሆን?» ብሎ ይጠረጥራል። ከቀኑ ጎን «የኮንትራት ሥራ፤ ፕሮጀክቱ ተጠናቋል» ብላችሁ ጻፉ። አራት ቃል ናት፤ ከግማሹ ጥያቄ ትገላግላለች።

«አጭሯን ሥራ ከሲቪ ላይ ማጥፋት ነው፤ ማን ያውቃል?»

አዲስ አበባ ሰፊ ትመስላለች እንጂ በአንድ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ሰው ዝም ቢል እንኳ ወረቀት አለ። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት አብሯችሁ ይሄዳል። የሥራ ልምድ ማስረጃ ላይ ቀን አለ። ከግል ድርጅት የመጣ ከሆነ ደግሞ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ይገለጽ የሚሉ ማስታወቂያዎች ሞልተዋል።

የባሰው ቀን መሳብ ነው። አንድ ጎበዝ አመልካች በዚህ ብቻ ወደቀብን። ሲቪው እስከ ጥር ሠርቻለሁ ይላል፣ ደብዳቤው እስከ ኅዳር። ሁለት ወር! «ሥራ እየፈለግኩ ነበር» ቢል ማንም ምንም አይለውም ነበር።

በሙከራ ጊዜ ሦስት ሳምንት ሠርታችሁ የተዋችሁትን ቦታስ? እሱን ባትጽፉት ግድ የለም ባይ ነኝ። ከጠየቋችሁ ግን አትካዱ።

«ቅነሳና መባረር ያው ነው»

እዚህ ላይ አነጋገራችንም አሳስቶናል። ድርጅቱ ተዘግቶ 200 ሰው ቢወጣም ለጎረቤት «እገሌ እኮ ተባረረ» ነው።

ሕጉ ግን ለያይቷቸዋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቅነሳ የራሱ አንቀጽ አለው፣ አንቀጽ 29። ቢያንስ ከሠራተኛው 10 በመቶውን፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ አምስት ሰው የሚነካ ሲሆን ነው ቅነሳ የሚባለው። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አለው። በመደበኛው የስንብት ክፍያ ላይም የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርበታል። በጥፋቱ የተሰናበተ ሰው ይህን አያገኝም።

ደግሞስ ጠያቂዎቹ የሚኖሩት እዚሁ አገር አይደል? ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከአጎዋ፣ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል፣ ስትወጣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሰው ሥራ ማጣቱን ሰምተዋል። በ2017 ዓ.ም. ጥር 12፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ዋሽንግተን ላይ የውጭ ዕርዳታን ለ90 ቀን የሚያግድ ትዕዛዝ ሲፈረም በሳምንት ውስጥ ስንት ቢሮ ጭር እንዳለ አይተዋል። በዚያ ገንዘብ በጤና ሚኒስቴር በኩል የተቀጠሩ 5,000 ያህል ሰዎች ውላቸው ተቋርጧል። እነዚህ ሁሉ ሰነፎች ነበሩ የሚል ጠያቂ እስካሁን አልገጠመኝም።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። ያው አንቀጽ 29 ችሎታና ከፍተኛ ምርታማነት ያላቸው በሥራ ላይ የመቆየት ቅድሚያ አላቸው ይላል። ስለዚህ ከ40 ሰው ስድስት ተቀንሶ አንዱ እኔ ከሆንኩ ጠያቂው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። መፍትሔው «ተቀነስኩ» ብሎ አለመቆም ነው። ስንት ሰው እንደወጣ ተናገሩ። የእኔ መልስ ይህች ነበረች፦ «ዶነሩ ገንዘቡን በመጋቢት አቋረጠ። የመስክ ቡድኑ በሙሉ፣ 14 ሰው፣ በአንድ ቀን ወጣን። የቀድሞ አለቃዬ ስልክ ሲቪዬ ላይ አለ።» ጠያቂው አንገቱን ነቀነቀና ስለ ኤክሴል መጠየቅ ጀመረ።

«ታማኝ ሰው የሆዱን ሁሉ ይዘረግፋል»

ይህችን የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። ራሴ ስለለቀቅኩት ቦታ ተጠየቅኩ። እሁድ ጠዋት ስለሚደውለው አለቃ ጀመርኩ። ከዚያ ያልተከፈለኝ የመስክ አበል፣ ከዚያ በመኪና ድልድል የተጣላነው። አሥር ደቂቃ ሳላወራ አልቀረሁም። መሀል ላይ አንዷ ጠያቂ እስክሪብቶዋን ከደነች። ቀጭ! ከዚያ በኋላ ምንም አልጻፈችም።

ያወራሁት ሁሉ እውነት ነበር። እሷ የሰማችው ግን «ነገ ስለ እኛም እንዲህ ያወራል» የሚለውን ነው። በሚቀጥለው ኢንተርቪው ሁለት ዓረፍተ ነገር በቃኝ፦ «ሥራው ወደ ሎጂስቲክስ እያደላ ሄደ። እኔ የዳታ ሥራ ስለምፈልግ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ፣ አስረክቤ ወጣሁ።»

«ለደመወዝ ለቀቅኩ ማለት ነውር ነው»

ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ ከተለቀቀ በኋላ፣ ይህ የማይገባው ጠያቂ የለም። ተናገሩት፤ ግን የመጀመሪያም ብቸኛም ምክንያት አታድርጉት።

«የሥራ ልምድ ወረቀት የአሠሪው ችሮታ ነው»

መብታችሁ ነው፣ ያውም በነፃ። አዋጁ የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎቱ ዘመንና ደመወዙ ተጽፎ ይሰጥ ይላል። የለቀቃችሁበትን ምክንያት ጻፉ አይልም። ግን ብዙ ቢሮ አንድ የቆየ ቅጽ አለው፤ መጨረሻው ላይ «በገዛ ፈቃዳቸው ለቀዋል» የሚል። ለተቀነሰውም ለለቀቀውም እሱኑ አትሞ ይሰጣል። ኢንተርቪው ላይ «ተቀነስኩ» ስትሉ ወረቀታችሁ ሌላ ሲል ውሸታም የምትመስሉት እናንተ ናችሁ።

ክሊራንስ ጨርሳችሁ ከግቢው ሳትወጡ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። እኔ ሳላነብ ወጥቼ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በሦስተኛው ቀን የኤችአሯ ልጅ «ምን ለውጥ አለው ግን?» እያለች መስመሯን አጠፋችና «በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት» ብላ ጻፈችልኝ። ማኅተሙን እንደገና መታችበት።